የቴሪ ቁጣ

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማይክ ባይንደር ፊልም «ዘ አፕሳይድ ኦፍ አንገር» የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ቴሪ ባሏ ድንገት ሲጠፋ ከሴት ጸሐፊው ጋር ወደ ስዊድን ኮበለለ ብላ ታምናለች፤ ንዴቷንም በአራት ሴት ልጆቿ ላይ ትወጣለች። ጆአን አለን ይህችን ሴት ስትጫወት እንድናዝንላት አትለማመጥም፤ የቮድካ ብርጭቆዋን እንደጨበጠች ጣል የምታደርጋት ቃል መጀመሪያ ታስቃለች፣ ወዲያው ታሳቅቃለች። ኬቨን ኮስትነርም ስለ ቤዝቦል ማውራት የሰለቸው የቀድሞ ተጫዋች ሆኖ፣ ኮከብነቱን ትቶ ቢራውን ይዞ ከጎኗ ይቀመጣል።

መጨረሻው ተመልካችን ያታልላል የሚሉ አሉ። ባልየው ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ መገኘቱ በእርግጥ ያስደነግጣል። ነገር ግን ቴሪ የፈረደችው ሳታጣራ መሆኑን ፊልሙ ከመነሻው አሳይቶናል። አለን ለዚህ ትወና ለኦስካር አለመታጨቷ ትልቅ ስሕተት ነበር።