ልጅ ሲደነግጥ

ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ቢመዝን ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። በእነዚህ ወራት የነርቭ ሴሎች ያለ ማቋረጥ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ደጋግመው የሚሠሩት መስመሮች ይጠነክራሉ፣ ሥራ የፈቱት ይራገፋሉ። የትኛው እንደሚጠነክር የሚወስነው በአብዛኛው ከሰው የሚመጣ መልስ ነው። ሕፃኑ «አጉ» ሲል «አጉ» የሚለው፣ ሲያለቅስ የሚያነሣው ሰው ካለ የቋንቋውም የመተማመኑም መንገድ በዚያው ይጠረጋል።

ፍርሃት በራሱ ጎጂ አይደለም። ውሻ ሲጮኽበት የልጁ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ እናቱ ስታቅፈው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉዳት የሚመጣው ፍርሃቱ ለወራት ሲዘልቅና የሚያረጋጋ ሰው ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ አደጋን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ እንደ ሌሊት ዘብ ሳይተኛ ይከርማል፤ ለማስታወስና ለማሰብ የሚያገለግሉት ክፍሎች ደግሞ ዕድገታቸው ይታወካል።

በአማራ ክልል ለሚያድጉ የደቡብ ጎንደር ልጆች እንዲህ ያለ ፍርሃት እንግዳቸው አይደለም። ይፋግ ከተማ የምትገኝበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. በካላዛር ወረርሽኝ ተመታ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ንፋስ መውጫ ገብቶ እስከ ደብረ ታቦር አፋፍ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በዚህ ላይ ምግቡ አለ፦ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ ለዕድሜያቸው ቀጭጨው ተገኝተዋል። የቀጨጨና የደነገጠ ልጅ አንጎሉ በሁለት ወገን ይጎዳል።

ድንጋጤው የሚገለጥበት መልክ ከዕድሜ ዕድሜ ይለያያል። ሽንት መቆጣጠር የለመደው እንደገና መኝታው ላይ ይሸናል፤ ሌላው የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ይላል፤ ተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ አንዲት ቃል አይገባውም፣ መምህሩም ሰነፍ ይለዋል። ከሁሉ የሚያታልለው ዝምታ ነው። ዝምተኛ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ በሚመሰገንበት አገር፣ ደንግጦ ድምፁ የጠፋው ልጅ ሳይታወቅለት ጭራሽ ይሞገሳል።

ለማረጋጋት የሚያገለግለው ብዙው ነገር ግን ከቤት አይጠፋም። የአራስ ቤት ሥርዓት እስከ ክርስትና፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ እናቲቱን ከከባድ ሥራ ያሳርፋል፤ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይገባል፣ እሷም ለልጇ ጊዜና ጉልበት ታገኛለች። አንቀልባ ሕፃኑን ከእናቱ ሙቀትና ትንፋሽ ጋር ያውለዋል፤ እሹሩሩ ሲባልለት ምቱ እኩል፣ ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ የልብ ምቱ ዝግ ይላል። (አንቀልባ አንድ ጉድለት አለው፦ ልጁ የሚያየው ጀርባ እንጂ ፊት አይደለም። ሲወርድ ፊት ለፊት የምታጫውተው አያት ያለችው ታድሏል።)

ከፍ ላለው ልጅ ምሽቱ አለለት። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል፤ ጅቡ ይመጣል፣ ጦጣዋ ታሞኘዋለች፣ ታሪኩ ያልቃል። ፍርሃት መጨረሻ እንዳለው ልጁ የሚለማመደው እዚህ ነው። «እንቆቅልህ» ደግሞ ከዚህም ይልቃል፦ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ እሱም ጎንደርን ወይም ሌላ ከተማ ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። መሸነፍ ሳያሳፍር፣ ተራ ሳይዘለል የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ልጆችን በቡድን እያዘፈነ ከደጅ ደጅ ይወስዳል፤ አብሮ መዝፈን ሰውነትን ያፍታታል። ሆኖም የተኩስ ድምፅ በሰሙ ሰፈሮች የበዓሉ የጅራፍ ጩኸት የሚያስበረግገው ልጅ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ፈሪ ከማለት ራቅ ብሎ ከሚወደው ሰው ጋር እንዲያይ ማድረግ ይሻላል።

ከቤት የተወረሰ ሁሉ ግን አይበጅም። በርበሬ ማጠን፣ በአርጩሜ መግረፍ፣ «ጅብ መጣልህ» ብሎ ማስተኛት ያንኑ የአንጎል ዘብ መቀስቀስ ነው። ብዙ የማይነገርለት ደግሞ የመርዶ ጉዳይ ነው። አዋቂ መርዶ የሚሰማው በወግ ነው፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይነገረዋል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ልጁ ግን «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል። ቤቱ ሙሉ ሲያለቅስ እያየ መንገድ መንገዱን ይጠብቃል፤ የሚያስረዳው ሲያጣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎም ሊደመድም ይችላል። የሚቀርበው ሰው፣ አቅፎት፣ በአጭር ቃል «ሞቷል፣ አይመለስም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ እኔ አለሁ» ቢለው፣ ጥያቄውንም በደጋገመ ቁጥር ቢመልስለት ኀዘኑ መልክ ይይዛል። ለአዋቂ የተሠራው ወግ ለልጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

እንዲህ ያለ አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚያተርፍ በጥናት ታይቷል። ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነትና በተናጋ ቤት ካደጉት ሲሶ ያህሉ ብርቱና አሳቢ ሰዎች ሆኑ፤ ከእነዚህ ጀርባ የማይከዳቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ ነበር። በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ደግሞ በሕፃናት ማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሲዛወሩ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ሰውን በመቅረብም በአንጎል እንቅስቃሴም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ወላጅ ለሞተበት የይፋግ ልጅ ይህን ቦታ አያት፣ አጎት ወይም የክርስትና እናት ሊይዙት ይችላሉ፤ ልጁን ከሰፈሩና ከወንድም እኅቶቹ ሳይነጥሉ።

ትምህርት ቤት ድርሻው ቀላል ይመስላል፤ በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መክፈት፣ በስም መጥራት፣ አለመግረፍ። ከቀን ወደ ቀን ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ልጅ ዘቡን ያሳርፋል። የደነገጠውን ልጅ ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ሕክምናን መተው የለባቸውም፣ ልጁንም ማሰር ወይም ማስራብ አይገባም። ቅዠቱና መበርገጉ ከወር በላይ ከዘለቀ፣ ምግብ እንቢ ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። በዚያው አጋጣሚ እናቲቱም ትጠየቅ፦ ትተኛለች? ትበላለች? ቡና አብሯት የሚጠጣ አለ? እሷ እየተንቀጠቀጠች ያቀፈችው ልጅ አይረጋጋምና፣ ጎረቤት ለአንድ ከሰዓት ልጁን ተቀብሎ ቢያስተኛት ሕክምናው የሁለቱም ነው።