ከውሃ ሥር የወጡ የጦርነት አውሮፕላኖች

ከፍራንክፈርቷ ሆኽስት ብዙም በማትርቀው ኦበሩርዜል ያለው የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ መደበኛ ሥራው የጄት ሞተር ነው። ለዓመታት ግን ሌላም አደራ ነበረበት፤ ከኖርዌይ ባሕር የወጣውን ፎከ ቩልፍ 200 "ኮንዶር" አውሮፕላን በማደስ ተሳትፏል። ብሬመን ላይ ኤርባስ፣ ሃምቡርግ ላይ ሉፍታንዛ የየድርሻቸውን ወስደው ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ በፈቃዳቸው የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

ኮንዶር ተራ አውሮፕላን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1938 ከበርሊን ኒውዮርክ ሳያርፍ የበረረው የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የታደሰው ግን በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ ትሮንድሃይም አጠገብ ውሃ ላይ ያረፈና የሰጠመ ነው። በ1999 በክሬን ሲያወጡት ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ተደከመበት፤ ዛሬ በበርሊን ቴምፕልሆፍ ይታያል።

ለምን ተሰባበረ? ጨዋማ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ብረትና አሉሚኒየም በተጋጠሙበት ቦታ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። የባሰው ጣጣ ያለው በሚወጣበት ሰዓት ነው። ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው ደለልና ውሃ እጅግ ከባድ ነው። አውሮፕላኑ ከውሃው ሲላቀቅ ያ ሁሉ ክብደት በተዳከመው አካል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች አስቀድመው ጭቃውን ይጠርጋሉ፣ ጥይትና ቦምብ ካለ ያስወግዳሉ፣ ሰፋፊ ቀበቶዎችን ጠንካራ በሆኑት የክንፍ ሥሮች ዙሪያ ያሥራሉ፣ ከዚያም በአየር በሚነፉ ከረጢቶች ቀስ እያሉ ያንሳፍፉታል። ከወጣም በኋላ ቶሎ እንዳይደርቅ ውሃ ይረጩታል፤ አየር ያገኘ ብረት በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላሻልና።

በቀዝቃዛና ጨው በሌለው ሐይቅ ግን ዕድሉ የተሻለ ነው። በሚያዝያ 1940 የጀርመን ዩንከርስ 52 ማጓጓዣዎች በኖርዌይ ናርቪክ አቅራቢያ በበረዶ በተሸፈነው ሃርትቪክቫትን ሐይቅ ላይ አረፉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ብዙዎቹ ሰጠሙ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጥቂቶቹ ወጡ፤ አንዱ ዛሬ በጀርመን ቩንስቶርፍ አለ።

በሚሺጋን ሐይቅ ደግሞ አሜሪካውያን አብራሪዎች በሁለት የሥልጠና መርከቦች ላይ ማረፍ ሲለማመዱ ከመቶ በላይ አውሮፕላኖች ሰጥመዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዳውንትለስ ቦምብ ጣይ ከሚድዌይ ጦርነት ተርፎ የመጣ ነበር፤ በ1943 ሰጥሞ በ1994 ወጣ። ዛሬ ሙሰል የሚባሉ ወራሪ ባለ ዛጎል እንስሳት በቀሩት ላይ እየተጣበቁ ስለሚጎዷቸው ጊዜው እየጠበበ ነው።

ሁሉም መውጣት አለበት ማለት ግን አይደለም። የሰው አስከሬን የያዘ ስብርባሪ መቃብር ነው፤ የባለቤትነት ጥያቄም አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለምሳሌ የሰጠሙ አውሮፕላኖቹን ዛሬም የራሱ አድርጎ ይቆጥራል። ማውጣት ከማዳን ይቀላል፤ የሚያድስ እጅና ገንዘብ ሳይዘጋጅ የወጣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ይጠፋል።

ለኢትዮጵያውያን የዚህ ታሪክ ቅርብ ዘመድ "ፀሐይ" ናት። በ1935 በአቃቂ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የሠሯት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አውሮፕላን ናት። ውሃ አልዋጣትም፤ ጣሊያን ወስዶ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም አቆያት። በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከሰማንያ ዓመት በላይ በሰው አገር ቆይታ ሙሉ አካሏን ይዛ መመለሷ ትልቅ ዕድል ነው።

ጠጋኝ ባለሙያ አንድ ክንፍ ለማስተካከል የድሮ ፎቶግራፍና የሥራ ሥዕል ይፈልጋል። በዚያ ዘመን አቃቂ፣ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ የተነሳ የአውሮፕላን ፎቶ፣ ደብዳቤ ወይም ወረቀት በቤቱ ያለ፣ በፍራንክፈርትም ይኑር በአገር ቤት፣ ቅጂውን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢያደርስ ለቀጣዮቹ ባለሙያዎች ትልቅ ውለታ ይውላል።