በፊኛ ውስጥ የሚሰጥ ቢሲጂ እና የማይበርድ ትኩሳት

የዛሬው ርዕሳችን ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ነው። የሚመለከተው ሰው ግን ካላወቀው በእጅጉ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኢስሊም ካኩማም ያላችሁ አዳምጡኝ።

ሕፃን ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚወጋውን፣ ጠባሳ ትቶ የሚያልፈውን ክትባት ታውቁታላችሁ፤ ቢሲጂ ነው። ሐኪሙ ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ጌራን በፈረንሳይ አገር የከብት ቲቢ ጀርምን አዳክመው ሠሩት፤ ለሰው መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በ1976 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቻቸው ለሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚረዳ አሳወቁ። (በአማርኛ ካንሰርንም ቲቢንም ነቀርሳ ስለምንል እንዳንደናገር ዛሬ ካንሰርና ቲቢ እላለሁ።)

ሕክምናው ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ ለተገኘበት ሰው ነው። መድኃኒቱ በቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይሸናል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ጀርሙ ደካማ ቢሆንም ሕያው ነው፤ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል።

ሽንት ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት የተለመደ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይተዋል። አልፎ አልፎ ግን ጀርሙ ወደ ደም ገብቶ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የጀርባ አጥንትን ወይም የወንድ ፍሬን ያጠቃል። ይህ በተለይ ቱቦው ሲገባ ካቆሰለ ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ሽንታችሁ ደም ካለው፣ የሽንት ኢንፌክሽን ከያዛችሁ፣ ወይም እንደ ኤችአይቪ ያለ መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ካለባችሁ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ማፈር አያስፈልግም።

እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ በኋላ የሚመጣው ነው። ሕመሙ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ናይሮቢ ታክሞ ካኩማ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ክሊኒኩ መጀመሪያ ወባን ይጠረጥራል፤ አይፈረድበትም። ከሁለት ቀን ያለፈ ወይም ብርቱ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሳል፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማይለቅ የጀርባ ሕመም ካያችሁ «ፊኛዬ ውስጥ ቢሲጂ ተሰጥቶኛል» በሉ፤ የሆስፒታሉንም ወረቀት አሳዩ። ምርመራው ቲቢ ቢል እንኳ ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ከተለመዱት አራት የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ ይህን ጀርም አይነካውም። አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል ግን ይሠሩበታል።

ቤት ውስጥስ? መድኃኒቱን በወሰዳችሁበት ቀን ለስድስት ሰዓት ወንዶችም ቁጭ ብላችሁ ሽኑ። በሸናችሁ ቁጥር መጸዳጃው ላይ በረኪና፣ እዚህ ጂክ የምንለውን፣ አፍስሳችሁ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ውኃ ልቀቁበት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አብሮ መብላት፣ ልጅ ማቀፍ አይከለከልም።