ዳህሊያ፦ አበባውና ሥሩ

ዳህሊያ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ ተራሮች አበባ ነው። በትውልድ አገሩ ዝናብ ሲጀምር ያቆጠቁጣል፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ያብባል፤ ደረቁ ወቅት ሲጠና ግንዱ ይጠወልግና ተክሉ ከመሬት በታች ባሉት ያበጡ ሥሮቹ ተኝቶ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። አትክልተኛው ለዳህሊያ የሚያደርገው እንክብካቤ፣ ከአተካከል እስከ ውኃ አጠጣጥ፣ በሙሉ ከዚህ ዑደት የተቀዳ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ በሁለቱም ከተሞች ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ዳህሊያ በኢትዮጵያ ደጋ ግቢዎች ብዙም ሳይቸገር የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

በዕፅዋት ምደባ ዳህሊያ ከኑግና ከሱፍ አበባ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህ ይልቅ የሚቀርበው ዘመዱ ግን በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ነው። በሁለቱም አንድ አበባ መስሎ የሚታየው ነገር ብዙ ጥቃቅን አበቦች የታጨቁበት ራስ ነው። ከዳር የተዘረጉት ባለ ቀለም ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው፤ መሐል ያሉት ቢጫዎቹ ነጠብጣቦችም እንዲሁ። የዱር ዳህሊያ በዳር ዳር አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቅጠል ብቻ አለው። ድርብ በሚባሉት የግቢ ዳህሊያዎች መሐል የነበሩት ጥቃቅን አበቦች ወደ ቅጠልነት ስለተለወጡ ራሱ እስከ እምብርቱ ይሞላል። ነጠላዎቹ ወለላቸውና ጽጌ ብናኛቸው ለንብ ክፍት ነው፤ እጅግ የተደረቡት ግን ንብን የሚመግቡት ነገር እምብዛም የላቸውም። ቀፎ ባለበት ግቢ ነጠላዎቹን መምረጥ ተገቢ ነው።

ተክሉ አውሮፓ የገባው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 ቪሴንቴ ሰርቫንቴስ ከሜክሲኮ ሲቲ የዕፅዋት ማዕከል ወደ ማድሪድ ላከው፤ እዚያም አንቶኒዮ ሆሴ ካቫኒሌስ የተባለው ሊቅ አሳድጎ በ1791 ለስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለአንዴሽ ዳል መታሰቢያ አድርጎ ሰየመው። በ1872 ከሜክሲኮ ወደ ኔዘርላንድስ የተላከ አንድ ሣጥን ሲከፈት ሥሮቹ በስብሰው ተገኙ፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ከእሱም ቅጠሎቹ ወደ ኋላ የተጠቀለሉ ደማቅ ቀይ አበባ ወጣ፤ ዛሬ ቁልቋል መሰል የሚባሉት ሹል ቅጠል ያላቸው ዳህሊያዎች ዘራቸው ከዚያ አንድ ሥር ይመዘዛል። ሜክሲኮ በ1963 ዳህሊያን ብሔራዊ አበባዋ አድርጋለች። በኔዘርላንድስ ዙንደርት ከተማ ደግሞ በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በዳህሊያ የተሸፈኑ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ቅርጾች በአደባባይ ይሰለፋሉ።

ከጥቂት የዱር ዝርያዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የግቢ ዓይነቶች የተገኙበት ምክንያት በተክሉ ውርስ ውስጥ ነው። ብዙ እንስሳትና ዕፅዋት ሁለት የክሮሞሶም ስብስብ ሲይዙ የግቢው ዳህሊያ ስምንት ስብስብ ይይዛል። ስለዚህ ከአንድ አበባ የተለቀሙ ዘሮች ተዘርተው ሲያብቡ አንዱ ሌላውን፣ ማናቸውም እናታቸውን አይመስሉም። ስፋታቸው ከ5 ሳንቲሜትር ካነሰ ኳስ መሰል አበባ ተነሥቶ ከ25 ሳንቲሜትር እስከሚያልፍ ራስ ይደርሳል። ቀለማቸውም ከነጭ እስከ ጥቁር ቀይ ይዘልቃል፤ እውነተኛ ሰማያዊ ብቻ የለም።

የዳህሊያ ሥር ስኳር ድንች ይመስላል። ውስጡ ኢኑሊን በተባለ ምግብ የተሞላ ሲሆን በሜክሲኮ የሚበላበት ቦታም አለ። አትክልተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ግን ዓይኑ የት እንዳለ ነው። የድንች ዓይን በመላ አካሉ ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ ዓይን የያዘ ማንኛውም የድንች ቁራጭ ይበቅላል። የዳህሊያ ዓይን ግን ያበጠው ሥር ላይ አይገኝም፤ ሥሩ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገቱ የተሰበረ ወይም ከግንዱ ቁራጭ ያልተረፈው ሥር ምንም ያህል ወፍራምና ጤነኛ ቢመስል ቡቃያ አያወጣም። ከገበያ ሥር የሚገዛ ሰው ከውፍረቱ ይልቅ አንገቱን መመርመር ይኖርበታል።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከኃይለኛ ነፋስ የተከለለ መሆን አለበት። አፈሩ ውኃ የማይዝ ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ውኃ የሚቋጥር መረሬ ሥሩን ያበሰብሳል፤ እንዲህ ባለ መሬት ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ብስባሽና አሸዋ መደባለቅ ግድ ነው። ሥሩ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይጋደማል። በተክሎች መካከል እንደ ቁመታቸው ከ45 እስከ 90 ሳንቲሜትር ይተዋል። ረጃጅሞቹ በኋላ ድጋፍ ስለሚሹ ችካሉ ከሥሩ ጋር በአንድ ጊዜ ቢተከል መልካም ነው፤ ዘግይቶ የሚመታ ችካል ያደገውን ሥር ይወጋል። ከዚያ በኋላ ቡቃያው እስኪታይ ድረስ ውኃ አለማጠጣት ያሻል። ሥሩ ለመጀመሪያው ቡቃያ የሚበቃ እርጥበት በውስጡ ስላለው፣ በዚህ ጊዜ የሚጨመር ውኃ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል። ቡቃያው ከወጣ ወዲያ ግን ተክሉ ውኃ ወዳድ ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ ይሻላል።

ተክሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ሲደርስና ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ የመሐል ጫፉ ይቀነጠሳል። ብዙ ሰው እጁ አይታዘዝለትም፤ ሆኖም ያልተቀነጠሰ ዳህሊያ አንድ ረጅም ግንድ ይዞ ይወጣና በመጀመሪያው ነፋስ ይጋደማል፤ የተቀነጠሰው ግን ከቅጠሎቹ ብብት ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ አበባ ይሰጣል። ማዳበሪያን በተመለከተ ልከኝነት ያስፈልጋል። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ያንሳል፣ ሥሩም ሲቀመጥ ቶሎ ይበሰብሳል፤ በደንብ የተብላላ ፍግ ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል።

አበባ መስጠት ከጀመረ በኋላ ያለፈበትን አበባ ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ዘር መያዝ የጀመረ ተክል አዲስ እምቡጥ ማውጣት ይቀንሳል። ችግሩ ያለፈበት አበባና ያልፈካ እምቡጥ መመሳሰላቸው ነው። እምቡጡ ክብና ጠንካራ ሲሆን ያለፈበት ሾጠጥ ያለና ሲነካ የሚለሰልስ ነው። ለአበባ ማስቀመጫ የሚቆረጠው ጠዋት፣ በደንብ ከፈካ በኋላ ነው፤ በእምቡጥነቱ የተቆረጠ ዳህሊያ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይፈካም።

የቀን ርዝመትም ሚና አለው። ቀኑ ከ12 ሰዓት ሲያጥር ዳህሊያ ጉልበቱን ወደ ሥር ማወፈር ያዞራል፤ ድርቦቹም ቅጠላቸው እየሳሳ መሐላቸው ይገለጣል። በአዲስ አበባ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ እንደ አውሮፓ የጎላ አይደለም፤ ሆኖም በሚያዝያና በግንቦት የተተከለው ከጥቅምት በኋላ ከሚተከለው የተሻለ አበባ እንደሚሰጥ ይጠበቃል።

በክረምት ቀንድ አውጣ ለጋ ቡቃያውን ይበላል፤ ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም የተሻለው መፍትሔ ነው። በበጋ ቀይ ሸረሪት ቅጠሉን ያገረጣል፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል ሻጋታም ይታያል። ከሁሉ የከፋው በክሽክሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ነው። ቅጠሉ በቢጫ የተዥጎረጎረና የተኮማተረ፣ ቁመቱም የቀጨጨ ተክል መድኃኒት ስለሌለው ተነቅሎ መቃጠል አለበት፤ ከእሱ የተከፈለ ሥርም በሽታውን ይዞ ይሄዳል።

ግንዱ ከደረቀ በኋላ ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ውርጭ አፈሩን በሚያቀዘቅዝበት አገር ሥሩ ተቆፍሮ ካልወጣ ይሞታል። በኢትዮጵያ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ላዩን ቢያጠወልገውም ሥሩን እምብዛም አይደርስበትም፤ ውኃ በማይዝ አፈር እዚያው መተው ይቻላል። ቢሆንም በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ አውጥቶ መክፈል ተክሉን ያድሳል። ሥሩ ሳይሰበር በሰፊው ተቆፍሮ ይወጣል፣ አፈሩ ተራግፎ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ ዓይን ያለው አንገት እንዲኖረው ተደርጎ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጣል። በደረቅ አሸዋ ወይም በሰጋቱራ ተቀብሮ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ፣ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ለወራት ይቆያል። የተጨማደደው ውኃ ትንሽ ይረጭበታል፤ የበሰበሰው ሌሎቹን ሳይበክል ይጣላል።

ከክፍፍል ሌላ፣ ሥሩ ሲያቆጠቁጥ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር የደረሱ ቡቃያዎችን ቆርጦ በእርጥብ አሸዋ ሥር ማስያዝም ይቻላል፤ በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ተክል ልክ እንደ እናቱ ያብባል። ዘር መዝራት አዲስ ዓይነት ለሚፈልግ ሰው ነው። ከዘር የበቀለው በዚያው ዓመት ያብባል፣ የራሱን ሥርም ያወፍራል፤ ከመካከላቸው የተወደደው ምልክት ተደርጎበት ሲደርቅ ይወጣና ከዚያ ወዲያ በክፍፍል ይባዛል።