ወላጅ ያጣ ሕፃን በፍርድ ቤት ፊት ማን ይቆምለታል?

ስለ ሞግዚትነት፣ ስለ አደራ ቤተሰብና ስለ ጉዲፈቻ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሀገራችን ወላጆቹን በሞት ያጣ ወይም በልዩ ልዩ ምክንያት ከወላጆቹ የተለየ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ያለ ሰው አይቀርም። አያት ትሰበስበዋለች፤ አክስት ከልጆቿ ጋር ታሳድገዋለች፤ የሚያስጠጋው ዘመድ ባይኖር እንኳ ጎረቤት በሩን ይከፍትለታል። ይህ ለረጅም ዘመን የኖረና ሊጠበቅ የሚገባው እሴት ነው። ሆኖም ሕፃንን በቤት ውስጥ ማሳደግና በሕግ ፊት ስለ እርሱ መቆም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ብዙ አሳዳጊዎች የሚረዱት ችግር ከተፈጠረ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ወላጆቿ የሞቱባትን የ9 ዓመት ሕፃን አክስቷ ወስዳ ታሳድጋለች እንበል። ሟቾቹ በባንክ ያስቀመጡት ገንዘብና የሚከራይ ቤት አላቸው። አክስቲቱ ለሕፃኗ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ለማውጣት ወደ ባንክ ስትሄድ የሞግዚትነት ውሳኔ እንድታቀርብ ትጠየቃለች። ውሳኔው ስለሌላት ባዶ እጇን ትመለሳለች። በዚህ መካከል ሌላ ዘመድ የቤቱን ኪራይ መሰብሰብ ይጀምራል። ሕፃኗ አትራብም፣ አትጠማም፤ ነገር ግን ንብረቷ ከእጇ ሲወጣ «ይህ የእርሷ ነው» ብሎ በሕግ ሊጠይቅላት የሚችል አንድም ሰው የላትም።

ይህ ጽሑፍ አንድ ዜጋ ወላጅ ላጣ ሕፃን በፍርድ ቤት ፊት ሊቆም የሚችልባቸውን መንገዶች ያብራራል።

የሕጉ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ፣ ፍርድ ቤቶች የሚሰጧቸውን ውሳኔዎች ጨምሮ፣ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበትም ያዛል። ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናትም መንግሥት የተለየ ጥበቃ እንደሚያደርግላቸው ይገልጻል።

ዝርዝሩ የሚገኘው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ አዋጅ ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች ሲሆን፣ በርካታ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በመሆኑም በክልል የሚኖሩ ዜጎች ከዚህ በታች የተገለጸውን ከክልላቸው ሕግ ጋር ማገናዘብ ይኖርባቸዋል።

አሳዳሪና ሞግዚት

በሕጉ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ራሱ አያያዝ በአሳዳሪ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ገንዘብ ጥቅሙ ደግሞ በሞግዚት ሥልጣን ሥር ይሆናል። አሳዳሪው ልጁ የት እንደሚኖር ይወስናል፤ ጤንነቱንና ትምህርቱን ይከታተላል። ሞግዚቱ ልጁን ወክሎ ሕጋዊ ተግባራትን ይፈጽማል፤ ንብረቱን ያስተዳድራል፤ ስለ አስተዳደሩም ሂሳብ ያቀርባል። ሁለቱን ኃላፊነቶች አንድ ሰው ሊይዛቸው ይችላል።

በጋብቻ ውስጥ እነዚህ ሥልጣኖች የአባትና የእናት የጋራ ሥልጣን ናቸው። አንደኛው ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ይቀጥላል። ሁለቱም ከሌሉና በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከሌለ፣ ሕጉ በቅድሚያ የሚያየው የቅርብ ዘመዶችን ነው፤ እነርሱም አያቶች፣ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም አጎትና አክስት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ሲታጣ ፍርድ ቤት ሌላ ተስማሚ ሰው ይሾማል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሞግዚትነት የልጁን ንብረት የመጠቀም መብት አይደለም። ሞግዚት የሆነ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለልጁ ጥቅም ብቻ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከማቅረብዎ በፊት ራስዎን «ይህን ገንዘብ ነገ ልጁ አድጎ ቢጠይቀኝ በምን አሳየዋለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የወጪ ደረሰኞችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል።

የአደራ ቤተሰብ

የአደራ ቤተሰብ ማለት ከወላጆቹ ጋር ለመኖር ያልቻለን ሕፃን ለተወሰነ ጊዜ ተቀብሎ የሚንከባከብ ቤተሰብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ይህን አገልግሎት በማኅበረሰብ ውስጥ ከሚሰጥ ድጋፍ፣ ከቤተሰብ ጋር ከመቀላቀልና ከጉዲፈቻ ጋር አንዱ አማራጭ አድርጎ ይዞታል። በተቋም ውስጥ ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

የአደራ ቤተሰብ ከሕፃኑ ጋር የወላጅነት ዝምድና አይፈጥርም። ዓላማው ሕፃኑ ወደ ቤተሰቡ እስኪመለስ ወይም ዘላቂ መፍትሔ እስኪገኝለት ድረስ በቤተሰብ ሙቀት ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ነው። መለያየት የማይቀር መሆኑን ገና ሲጀምሩ መቀበል ያስፈልጋል። ከዚህ ጋር ግን የአደራ ቤተሰብ ለሕፃኑ ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ውለታ አለ፤ ይኸውም ሕፃኑን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ስለሆነ ስለ ሁኔታው የሚያውቀውን ለማኅበራዊ ባለሙያና ለፍርድ ቤት በእውነት መናገር ነው። ሕፃኑ ወላጁ ሊጠይቀው በመጣ ቀን ምን እንደሆነ፣ በእንቅልፉ ይባንን እንደሆነ፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከመዝገብ አይገኝም።

ጉዲፈቻ

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ሲሆን፣ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ወስዶ የማሳደግ ባህል በሀገራችን ከዘመናዊው ሕግ በፊት የነበረ ነው። የዛሬው ሕግ ግን የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። በሽማግሌ ፊት የተደረገ ስምምነት ወይም በቤት የተጻፈ ውል ብቻውን ልጁን የውርስም ሆነ የሌላ መብት ባለቤት አያደርገውም።

ዋና ዋናዎቹ ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት በጋራ ሲያደርጉ ከሁለቱ የአንዳቸው 25 ዓመት መሙላት ይበቃል።

• ያገባ ሰው በመርህ ደረጃ ጉዲፈቻ የሚያደርገው ከትዳር ጓደኛው ጋር ሆኖ ነው።

• የጉዲፈቻ ልጅ የሚሆነው ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት።

• የልጁ እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው።

• ስምምነቱ የሚደረገው በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል ነው። ሕፃኑ በማሳደጊያ ተቋም የሚገኝ ከሆነ ስምምነቱ ከተቋሙ ጋር ይደረጋል።

ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ልጁ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጉዲፈቻ ከሚመዘገቡ ኩነቶች አንዱ ስለሆነ ውሳኔው በወሳኝ ኩነት መዝገብ መስፈር አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ሀገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ የሚወስዱበት አሠራር ቀርቷል። በመሆኑም ዘላቂ ቤተሰብ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት የሀገር ውስጥ ቤተሰቦች ኃላፊነት ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ብሏል።

ዳኛው ምን ያጣራል?

ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን የሚያጸድቀው ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ለዚህም የልጁን አስተያየት፣ የጉዲፈቻ አድራጊውን ልጅ የማሳደግና የመንከባከብ ችሎታ፣ እንዲሁም ልጁን ለራሱ ጥቅም መሣሪያ ሊያደርገው የማይችል መሆኑን ይመለከታል።

የልጁ አስተያየት መሰማት ለይስሙላ የሚፈጸም ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ ልጁን ወደ ችሎት ሲያመጡ የሚናገረውን አያስጠኑት። ወዴት እንደሚሄድ፣ ዳኛ ምን እንደሚሠራ፣ የሚሰማውን ቢናገር ማንም እንደማይቆጣው በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች የተደራጁ ሲሆን፣ አስፈላጊ ሲሆን ሕፃኑ በተለየ ክፍል ሆኖ በማኅበራዊ ባለሙያ እየታገዘ ቃሉን ይሰጣል።

ምስክር ሆነው የሚቀርቡ ጎረቤቶች፣ መምህራንና የዕድር አባላትም ለውሳኔው ትልቅ ድርሻ አላቸው። «ጥሩ ሰው ነው፣ እናውቀዋለን» የሚል ምስክርነት ለዳኛው ብዙም አይጠቅመውም። ልጁ የሚያድረው የት ነው? ከቤቱ ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ይበላል? ትምህርት ቤት ሳያቋርጥ ይሄዳል? ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው ማን ነው? የቤት ሥራ ጫና አለበት? እነዚህን ያዩ ሰዎች ያዩትን ብቻ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ቢናገሩ ለሕፃኑ እውነተኛ ጠበቃ ሆነውለታል።

ከውሳኔው በኋላስ?

የፍርድ ቤት ውሳኔ የጉዳዩ መጨረሻ አይደለም። በመርህ ደረጃ ጉዲፈቻ አይሻርም። ሆኖም ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ወይም ያንን በሚመስል ሁኔታ የያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ በሆነ ድርጊት ያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በሌላ ሁኔታ የያዘው እንደሆነ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። ጥያቄውን ልጁ ራሱ፣ የሕፃናትን ደህንነት እንዲከታተል ሥልጣን የተሰጠው አካል ወይም ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ሰው ማቅረብ ይችላል።

«ወደ ቤተሰብ የገባ ልጅ ነው፤ አያገባኝም» ብሎ ማለፍ ሕጉ የከፈተውን በር መዝጋት ነው። በአጎራባችዎ በጉዲፈቻ፣ በአደራ ወይም በዘመድነት ስም የመጣ ልጅ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲቀር ካዩ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ልጁ በአስቸኳይ አደጋ ላይ ከሆነ በቅርብ ለሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።

ከየት ይጀመራል?

1. በመጀመሪያ በሚኖሩበት ወረዳ ወደሚገኘው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው የሕፃኑን ሁኔታ ያስረዱ። ለሕፃኑ የሚስማማው ሞግዚትነት፣ የአደራ ቤተሰብ ወይም ጉዲፈቻ መሆኑን ከባለሙያ ጋር ይመካከሩ።

2. የሕፃኑን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወላጆቹ በሞት የተለዩ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የራስዎን መታወቂያና ዝምድናዎን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ያሰባስቡ። ሕፃኑን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮችን ይለዩ። እንደ ጉዳዩ ዓይነት ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ከጽሕፈት ቤቱ ወይም ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር አስቀድመው ይጠይቁ።

3. ማመልከቻዎን ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ያቅርቡ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር የሚገኙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላትን ወይም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ።

4. ውሳኔ ሲያገኙ ግልባጩን በጥንቃቄ ይያዙ። ጉዲፈቻ ከሆነ ሳይዘገዩ ያስመዝግቡ።

ማሳሰቢያ

ስለ ራሱ ማመልከቻ ጽፎ ፍርድ ቤት ሊቀርብ የሚችል የ9 ዓመት ሕፃን የለም። ዳኛውም የሚወስነው በፊቱ በቀረበው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። በሕፃኑና በዳኛው መካከል ያለውን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ሕፃኑን የሚያውቅ፣ ጊዜውን የሚሰጥና እውነቱን የሚናገር ጎልማሳ ነው። ወላጅ ያጣ ልጅ እያሳደጉ የፍርድ ቤት ውሳኔ የሌለዎት ከሆነ፣ የንብረት ወይም የይዞታ ክርክር እስኪነሣ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ የወረዳዎን ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።