ሳይርቅ በቅርቡ፦ የቅድመ ምርመራ ትልቁ ወጪ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም

ነጋዴ ዕቃውን ሳይመረምር አይረከብም። በርበሬ የሚገዛ ከጆንያው ዘግኖ ያሸታል፤ ቡና የሚያገበያይ ናሙና ያስቀምሳል፤ የጭነት መኪና ያለው ሰው ሞተሩ እስኪነክስ ሳይጠብቅ ዘይት ይቀይራል። ይኸው ሰው ግን የደም ግፊቱን ሳያስለካ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህ ለምን ሆነ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ ወይ «የግንዛቤ ማነስ ነው» ወይ «ክፍያው ውድ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ጉዳዩን በገበያ ዐይን የመረመሩ ጥናቶች ግን ሦስተኛ ምክንያት ያሳያሉ፤ እርሱም ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ወጪ ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

እስቲ በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ ናቸው። የምርመራው ክፍያ 300 ብር ነው እንበል። ባለሱቁ በቀን 2,000 ብር ያተርፋል። አንድ ቀን ጠዋት ሄዶ ካርድ ያወጣል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ናሙና ይሰጣል፤ ግማሽ ቀን አለፈ። ውጤቱን ለመቀበል ደግሞ ሌላ ቀን ይመለሳል፤ ሌላ ግማሽ ቀን ሄደ። የሁለቱ ምልልስ የታክሲ ወጪ 100 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 2,400 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ክሊኒኩ የተቀበለው ከስምንት እጅ አንዱን ብቻ ነው። የቀረው የተዘጋ ሱቅ ዋጋ ነው።

እንግዲህ ክፍያው በግማሽ ቢቀንስለት ባለሱቁ የሚቀርለት 150 ብር ነው። ሁለተኛው ምልልስ ቢቀርለት ግን 1,050 ብር ይተርፈዋል። ስለ ጤና ምርመራ ዋጋ ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ በ300 ብሩ ላይ መሆኑ ስለዚህ ነው የሚያስገርመው።

የማላዊው ሙከራ

ይህን በተግባር ከፈተኑት ጥናቶች መካከል ሬቤካ ቶርንተን የተባሉት የኢኮኖሚ ባለሙያ በማላዊ ገጠር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይጠቀሳል። ሰዎች በየቤታቸው በነጻ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ተደረገላቸው፤ ውጤቱን ለመስማት ግን በአቅራቢያው ወደተተከለ ጊዜያዊ ጣቢያ መሄድ ነበረባቸው። ለአንዳንዶቹ በዕጣ እስከ 3 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ኩፖን ሲሰጥ፣ ለሌሎቹ ምንም አልተሰጠም። ምንም ካልተሰጣቸው ውስጥ ውጤታቸውን የተቀበሉት ከመቶ 34 ብቻ ነበሩ። ኩፖን ባገኙት ዘንድ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከአንድ ቀን ደመወዝ አንድ አሥረኛውን የምታህል ገንዘብ እንኳ ብዙ ሰው አንቀሳቅሳለች። በአንጻሩ ቤታቸው ከጣቢያው ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሰዎች የመምጣታቸው ዕድል ቀንሶ ተገኝቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሰዎቹ ውጤታቸውን የጠሉ ወይም ቸል ያሉ አለመሆናቸውን ነው። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ሳንቲም አይሸነፍም ነበር። የምርመራ ጥቅም ሩቅና እርግጠኛ ያልሆነ፣ ወጪው ግን የዛሬና የተረጋገጠ በመሆኑ ትንሽ መሰናክል ብዙ ሰው ታስቀራለች። በኬንያ ኮኸንና ዱፓስ ለነፍሰ ጡሮች በሚቀርብ የወባ አጎበር ላይ ያካሄዱት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ዋጋው ከነጻ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል፣ የሚወስዱት እናቶች ከመቶ በ60 ነጥብ አሽቆልቁለዋል። ነጋዴ እንደሚያውቀው ዳቦ ሲወደድ ሰው ያጉረመርማል እንጂ ይገዛል፤ የመከላከያ አገልግሎት ሲወደድ ግን ዝም ብሎ ይቀራል።

የሆነ ሆኖ የማላዊው ጥናት ማስጠንቀቂያም አለው። ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን ያወቁት ሰዎች ኮንዶም የመግዛት ዕድላቸው ቢጨምርም፣ ጭማሪው በአማካይ ከሁለት ኮንዶም ያልዘለለ ነበር። ውጤት ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ ተከታዩ እርምጃም ቅርብ መሆን አለበት።

በእኛ አገር

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ደግሞ በዓለም ላይ የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ግፊት ሳይታወቅ ይቆይና በስትሮክ ይገለጣል።

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ሆኖም በዚያው በ2015 ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ለዚህ ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ምርመራው ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሠለጠነች ነርስ የማኅፀኑን በር በቀጭን የአቼቶ አሲድ ትቀባዋለች፤ ጤናማ ያልሆነው ቦታ ወደ ነጭነት ይለወጣል፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ይታወቃል። በሕንድ ሙምባይ 150,000 ያህል ሴቶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ሙከራ፣ ይህ ዘዴ በየሁለት ዓመቱ ሲሠራበት በበሽታው የሚሞቱትን ከመቶ በ31 ቀንሷል። ምርመራውን ያካሄዱት ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ነበሩ።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም አንድ ቀን ብቻ መፍጀቱ ነው። ምልክት የታየባት ሴት እንደ ሁኔታው በዚያው ቀን ሕክምናውን አግኝታ ትሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስቀደመው የቫይረስ ምርመራም ሴቲቱ ናሙናውን ራሷ እንድትወስድ ይፈቅዳል። ሁለቱም ምልልስን የሚቀንሱ ናቸው።

«ጠቅላላ ምርመራ» ሁሉ ትርፍ አይደለም

ይህን ሁሉ ስንል ግን በጥቅል የሚሸጥ ምርመራ ሁሉ ይገዛ ማለታችን አይደለም። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ250,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 17 ሙከራዎች መርምሮ፣ ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የሚደረግ ጠቅላላ ምርመራ የሞትን መጠን እምብዛም እንዳልቀነሰ ደምድሟል። ሙከራዎቹ ባብዛኛው የተካሄዱት ሰው ወትሮም ሐኪም በሚያይባቸው በአውሮፓና በአሜሪካ በመሆኑ፣ ለእኛ አገር እንዳለ አይወሰድም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ብዙ ምርመራ በተደረገ ቁጥር የውሸት ማስደንገጫም ይበዛል፤ እያንዳንዱ ማስደንገጫ ደግሞ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ ይወልዳል። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጠየቅ ያለበት «ስንት ዓይነት ምርመራ አላችሁ?» ብሎ ሳይሆን «በእኔ ዕድሜ ቀድሞ ቢታወቅ የሚድን የትኛው ነው?» ብሎ ነው። የደም ግፊት ልኬትና የማኅፀን በር ምርመራ ይህን ጥያቄ ከሚመልሱት ውስጥ ናቸው።

ለንግዱ ሰው ምን ይበጃል?

ከሱቅ ንግዳችን ብዙው የተጻፈው በባለቤቱ ራስ ውስጥ ነው። ለማን ዱቤ እንደተሰጠ፣ ከማን ጋር በቃል እንደተዋዋለ፣ የትኛው ጅምላ አከፋፋይ እስከ መቼ እንደሚታገሥ የሚያውቀው እርሱ ነው። ስትሮክ አንደበቱን የያዘው ዕለት የሚዘጋው ሱቁ ብቻ አይደለም፤ ሊሰበሰብ የሚችለው ዱቤም አብሮ ይቀራል።

በመሆኑም አሠሪ ለሠራተኞቹ በጎ ማድረግ ቢሻ የክሊኒክ ክፍያ ከመሸፈኑ በፊት ነርስና የግፊት መለኪያ ወደ መጋዘኑ ማስመጣቱ፣ ለማኅፀን በር ምርመራ ለምትሄድ ሠራተኛም ደመወዝ ሳይቆርጥ ግማሽ ቀን መፍቀዱ የበለጠ ያዋጣል። ውጤቱ ግን የሠራተኛው ብቻ መሆን አለበት፤ አለቃ የሚያየው ውጤት ከሆነ ተመርማሪ አይገኝም። እድርና እቁብም ሰው አስቀድሞ የተሰበሰበባቸው በመሆናቸው ለልኬት የተመቹ ናቸው። በጤናው ዘርፍ ገንዘቡን ሊያፈስ ያሰበ ባለሀብት ደግሞ ከጎረቤቱ ክሊኒክ በዋጋ ከመፎካከር ይልቅ ውጤትን በዕለቱ በመስጠትና ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት በመክፈት ቢፎካከር ደንበኛ አያጣም።

አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ቅድመ ምርመራ ሁለቱንም ይሻል፤ በጊዜው መደረግን፣ ለሰውም ቅርብ መሆንን። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተመክሯል፤ አሁን የሚቀረው ሁለተኛውን ማሟላት ነው።