የእግር ደም ቅዳን የሚያሳየው ሲቲ ስካን

በጋ ሲገባ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ከብት አርቢዎች ሣርና ውሃ ፍለጋ መንጋቸውን እየነዱ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳሉ። እዚህ እግር ተያዘ ማለት ኑሮ ተያዘ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ጥቂት ስሄድ ባቴን ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይተወኛል» ሲል እርጅና ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ በስብና በካልሲየም ጠቦ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያባብሱታል። ሲከፋ ቁስል አልድን ይላል፤ ጣት ይጠቁራል፤ እግር እስከመቁረጥም ይደርሳል። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል።

ምርመራው የሚጀምረው ከጣት ነው። ባለሙያው የታማሚውን የእግር ምት በጣቱ ይዳስሳል፤ ቀጥሎ የቁርጭምጭሚቱን ግፊት ለክቶ ለክንዱ ግፊት ያካፍላል። ውጤቱ ከ0.90 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። ይህ ሳይደረግ ታማሚን ለሲቲ ስካን መላክ አግባብ አይመስለኝም፤ ለጨፋ ቅርብ ከሆነችው ከከሚሴ ከተማ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ሲቲው የሚያስፈልገው ጥበቱ የት ጋ እንደሆነ ማወቅ ሲፈለግ፣ በተለይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የሲቲ ስካን ፈልሳፊው የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ታማሚ አንጎል ሲያነሳ አንዱ ምስል ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የዛሬው ከሆድ እስከ እግር ጣት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነሳል። በክንድ ደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጣል፤ ታማሚው ሰውነቱ ሞቅ ይለዋል። መሣሪያው ፈሳሹ ትልቁ የሆድ ደም ቅዳ መድረሱን ጠብቆ ማንሳት ይጀምራል። በታመመ እግር ደሙ ስለሚዘገይ ታማሚው የተኛበት የመሣሪያው አልጋ ከፈሳሹ ቀድሞ ከሄደ ጤነኛው ቧንቧ ራሱ የተዘጋ ይመስላል። ፈሳሹ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፤ ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታማሚም ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ትልቁ አሳሳች ካልሲየም ነው። በስኳር ታማሚዎች ዘንድ የቧንቧው ግድግዳ ስለሚደድር የቁርጭምጭሚት ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ በሽታውን ይደብቃል፤ ያኔ የእግር ጣት ግፊት ይለካል። በሲቲውም ላይ ካልሲየሙ እንደ አዮዲኑ ነጭ ሆኖ ስለሚያበራ ከጉልበት በታች ያሉትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጋርዳል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች መፍትሔ ያመጡት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው ጨረር በመጠቀም ካልሲየሙን ከአዮዲኑ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው አዲሱ ትውልድ ደግሞ እያንዳንዱን የጨረር ቅንጣት ከነኃይሉ እየቆጠረ ይበልጥ የጠራ ምስል ያወጣል።

ሐኪሙ ከምስሉ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ መዘጋቱ የት ይጀምራል፣ ምን ያህል ይረዝማል፣ ከበታቹስ ደም የሚቀበል ክፍት ቧንቧ አለ? መዘጋቱ አጭር ከሆነ ብዙውን ጊዜ በፊኛ ይከፈታል፤ ረጅም ሆኖ ከበታቹ ክፍት ቧንቧ ካለ ደግሞ ከታማሚው ከራሱ እግር ደም መልስ ተወስዶ ማለፊያ ይሠራለታል።